ካሜራን እንደ ጨቅላ አቅፎ ሁሩታ ስለመግባት

ካሜራ የያዘ መንገደኛ ሁለት ጠላት አለው፤ አቧራና ሰው። አቧራው ቢያንስ ጥያቄ አይጠይቅም።

ሰው ይጠይቃል። ካሜራህን ትከሻህ ላይ ካየ «ስንት ገዛኸው?» ይልሃል። «ጋዜጠኛ ነህ እንዴ?» ይልሃል። «እስቲ አንድ አንሳኝ» ይልና ካነሳኸው በኋላ «ማን አንሳ አለህ?» ይልሃል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ምንም የማይጠይቀው ነው። እሱ ዝም ብሎ ቦርሳህን ያያል። አንተ ከመኪናው ስትወርድ ቦርሳህ ቀድሞህ ወርዷል።

እኔ አዳማ የምኖር የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ሥራው ግን አዳማ ብቻ አይደለም። መልካሳ ምርቃት አለ፤ አዳሚ ቱሉ ክርስትና አለ፤ ሁሩታ ሰርግ አለ። መኪና የለኝም። ስለዚህ ዕቃዬን በሕዝብ መኪና እንዴት በደኅና እንደማደርስ ሳስብ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ የሚመክሩ ሊቃውንት አሉ። አንብቤያቸዋለሁ። «ጠንካራ ሳጥን ግዙ» ይላሉ። ጠንካራ ሳጥን በእኛ ሚኒባስ ውስጥ ምን እንደሚባል አያውቁም። ወንበር ይባላል። ረዳቱ ሲያየው ፊቱ ይበራል፤ በሩ አጠገብ ያስቀምጠውና አንዲት ደልደል ያሉ እናት ያስቀምጥበታል። «እናቴ፣ የተቀመጡት ሌንስ ላይ ነው» ለማለት አንደበት ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይበል። ሊቃውንቱ ደግሞ «ዕቃችሁን ከዓይናችሁ አትለዩ» ይላሉ። መልካም። ረዳት ግን ቦርሳ ሲያይ እጁ ወደ ጣሪያ ነው የሚሄደው። ጣሪያው ላይ ፍየል አለች። ፍየል የቦርሳ ማንጠልጠያ ትወዳለች። ቀጥለው «ኢንሹራንስ ግቡ» ይላሉ። እዚህ ጋ ስደርስ ማንበብ ተውኩ።

የራሴን ዘዴ አወጣሁ። በአገራችን መንገድ ላይ ማንም የማይገልጠው፣ ማንም ውስጡን የማይፈትሸው አንድ ጥቅል አለ። እሱም ጨቅላ ሕፃን ነው። የሕፃን ፊት በሰው መሃል አይገለጥም፤ ዓይን አለ። እንኳን ሌባ፣ የገዛ አክስቱም «እስቲ ልየው» አትልም፤ ከጨርቁ በላይ እትፍ እትፍ ብላ ትመለሳለች። ሕፃን ጣሪያ ላይ አይጫንም። ሕፃን ላይ አይቀመጡበትም። ሕፃን ለያዘ ሰው ወንበር ይለቀቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ የካሜራ ሳጥን የት አገር ይሸጣል?

ዘዴው ከብልጠት የመጣ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ባለቤት ያጣ የሕፃን ብርድ ልብስ ስለነበረ ነው።

ብሌን የምትባል ልጅ ነበረችን። ሰባት ወር ኖረች። ሳል ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ካሜራዬ ሁለት የካርድ ማስገቢያ አለው። በአንደኛው እሠራለሁ። በሁለተኛው ውስጥ ያለው ካርድ ላይ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ አለ፤ ብሌን ስትስቅ። ሌላ የላትም። የሰው ልጅ ሲዳር ስቀርጽ የምውል ሰው፣ የራሴን ልጅ «ነገ» እያልኩ አሳለፍኩ። ደንበኞቼን ሁሉ «ኮፒ አድርጉ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ» እያልኩ እመክራለሁ። የራሴን ግን ኮፒ አላደረግኩም። ኮፒ ለማድረግ መክፈት አለብኝ፤ ከከፈትኩ ላያት ነው። ካርዱን መዝዤ ቤት ማስቀመጥም አልቻልኩም፤ እጄ እምቢ አለ። ስለዚህ መንገድ ላይ የምሳሳው ለካሜራው አልነበረም። ካሜራ ይገዛል።

አንድ ቅዳሜ ሁሩታ መሄድ ነበረብኝ። ሰርጉ እሁድ ነው፤ የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን የዋዜማው ሽር ጉድም ይቀረጽልኝ ብለዋል። ካሜራውን በስፖንጅ ሸፍኜ ብርድ ልብሱን ሳነሳ ባለቤቴ ከእጄ ወሰደችው። «እንዲህ አይደለም የሚጠቀለለው» አለች። አልጋው ላይ ዘረጋችው። አንዱን ጫፍ በአንገቱ ስር አሳለፈች። ካሜራ አንገት የለውም፤ እሷ ግን አንገት አገኘችለት። ስትጨርስ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ያደረገችው ነገር ገባትና ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች። ጥቅሉን አቀፍኩት። ክብደቱን አልመዘንኩም። ክንዴ ግን አወቀው።

መናኸሪያ ስደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። ረዳቱ፣ ረዳት ይባል እንጂ ጢሙ የሸበተ፣ ሾፌሩን «አንተ ልጅ» እያለ የሚያዝ ሰው ነው። ገና ሲያየኝ ሰውን በክንዱ ከፈለና «ጨቅላ ይዟል፣ አሳልፉት» አለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ያ ጎረምሳ እንደ ሌላው ቀን ቢሆን ቦርሳዬ ላይ እግሩን የሚዘረጋ ዓይነት ነው። የካሜራ ማቆሚያዬን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ነበርና እሱም ያለ አንድ ጥያቄ ወንበር ስር ገባ። በልቤ ኢንተርኔት ላይ ላሉት ሊቃውንት አዘንኩላቸው።

አጠገቤ እማማ ዘይነባ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁሩታ መጥተው ትዳር ይዘው፣ ወልደው፣ ሱቅ ከፍተው የቀሩ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። መጀመሪያ ግን ወቀሱኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጨቅላ ይዘህ በዚህ ቀትር ትወጣለህ? ጠዋት መኪና አጥተህ ነው?»

«ሥራ ይዞኝ ነው እማማ።»

«ሥራ። እናቷስ?»

«መምጣት አልቻለችም።»

«ስሟ ማን ነው?»

ሌላ ስም መናገር እችል ነበር። ብሌን አልኩ። ስሟን ጮክ ብዬ ከጠራሁ ሦስት ወር አልፎኝ ነበር። ምላሴ ላይ እንግዳ ሆነ።

«አላህ ያሳድግልህ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ውሸት ግን መኪናው ሲነሣ መክበድ ጀመረ። እማማ ዘይነባ «መስኮት ዝጉ፣ ሕፃን ንፋስ ይመታታል» ብለው አዘዙ። ሁሉም ዘጋ። የቆላ ቀትር፣ የተዘጋ ሚኒባስ፣ አሥራ አራት ሰው። ለአንድ ሌንስ ጤና ሲባል አሥራ አራት ሰው በላብ ተነከረ፤ አንድም ያጉረመረመ የለም። ሕዝባችን ደግ ነው። ደግነቱ አንዳንዴ ያፍናል።

መልካሳን አለፍን። የአዋሽን ድልድይ ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ ግራርና አቧራ ነው። ጨለማ የሚፈራ ሰው የዚያን ሜዳ ቀትር አላየም ማለት ነው። ጥላህ እግርህ ስር ገብቶ ይጠፋል። ወፍ ዝም ይላል። ከግራሮቹ መሃል አቧራው እየተሽከረከረ ይነሣል፤ አንድ ብቻ አይደለም፣ ሦስት አራት ሆኖ፣ እንደ ቀጫጭን ረጃጅም ሰዎች ቆሞ ይሄዳል። ትልልቆቹ በዚህ ሰዓት ሜዳው ባለቤት አለው ይላሉ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲወጣ ነው ይላል። ሁለቱንም አምናለሁ፤ እንደ ሰዓቱ።

አንዱ ሽክርክሪት መንገዱን ሊያቋርጥ መጣና መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሽክርክሪቱ ወደ እኛ ዞረ። አሸዋው መስታወቱን ሲፈትገው ቀኑ ቡናማ ሆነ። ከኋላ አንዱ «በስመ አብ» አለ፤ ሌላው «አዑዙ ቢላሂ» አለ። እኔ ጥቅሉ ላይ ተደፋሁ። ሌንሱን ከአቧራ እየከለልኩ ነው፤ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው። አቧራው ሲያልፍና ጸጥ ሲል ግን አፌ «እሹሩሩ» እያለ ነበር። መቼ እንደ ጀመርኩ አላውቅም።

እማማ ዘይነባ አዩኝ። «ብረት አድርገህላታል?» አሉኝ።

በቀትር የሚወጣ ሕፃን ራስጌው ብረት ይደረግለታል፤ ቢላዋም ይሁን መርፌ። የቀትሩ ነገር ብረት ይፈራል። ሁሉም ብረት ነው ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። «ረሳሁ» አልኩ። ረሳሁ ማለት ስሕተት ነበር። እማማ ዘይነባ ከወገባቸው የሱቃቸውን ቁልፍ ፈተው፣ ተዉ ሳልላቸው፣ እጃቸውን ከብርድ ልብሱና ከስፖንጁ ስር አስገቡ።

እጃቸው እዚያው ቆየ። ፊታቸውን አየሁት። መጀመሪያ ምንም አልነበረበትም። ቀስ ብሎ አንድ ነገር ገባበት። እጃቸውን ሲያወጡ ቁልፉን እዚያው ትተውት ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዱዓ መሰለኝ። ከዚያ የብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካክለው ሸፈኑ፤ ከበፊቱ የበለጠ ሸፈኑ፤ ላብ የሚያንጠባጥበውን ፊቴን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። የራሴ እናት እንደዚያ ያደረገችልኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ተነሡና ለረዳቱ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ነገሩት። ረዳቱ ወደ እኔ አላየም። ላለማየት ሲጠነቀቅ አየሁት። ሄዶ ለሾፌሩ ነገረ። ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ጉድጓድ ሲያገኝ እንቁላል እንደ ጫነ ይሻገር ጀመር። ከፊታችን አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋለች፤ ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ ዞሮ የእኔን ጥቅል እያየ ይስቅ ነበር። እኔን አይደለም፤ ጥቅሉን። ጓደኛ እንዳገኘ እጁን ያወዛውዛል። እማማ ዘይነባ ጎንበስ ብለው ለእናትየው ሹክ አሏት። እናትየው ልጇን አዙራ ፊቱን ደረቷ ውስጥ ደበቀችው። እሱ ግን አልተወም፤ እየተንጠራራ ይስቃል። በመኪናው ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

እኔ ምን አሰብኩ? ዘዴዬ ከጠበቅኩት በላይ ሠራ ብዬ አሰብኩ። ሰው ሲሞኝ እንዲህ ነው።

ኬላ ላይ ደረስን። ፈታሹ የሽንኩርት ከረጢት ሳይቀር የሚያራግፍ ሰው ነው። ሁሉም ወረደ፤ እኔም ልወርድ ስል ረዳቱ «አንተ ተቀመጥ» አለኝ። ፈታሹ በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን ወደ ጥቅሉ ዘረጋ። ጥቅሉን ወደ ደረቴ ሳብኩት። እማማ ዘይነባ ከኋላው መጥተው ክንዱን ያዙትና አንድ ቃል ተናገሩ። እጁን ሰበሰበ። ኮፍያውን አወለቀ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ መሬት መሬት እያየ እንድናልፍ ምልክት ሰጠ።

ዳገቱን ስንጀምር ነው የገባኝ። በሌላው ጎኔ ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ የሁሩታ ገበሬ ተቀምጠዋል። ዞር ብለው ጉልበቴን ያዙና «ጃባዱ ልጄ» አሉኝ። በርታ ማለታቸው ነው። «እኔም አንዱን እዚያ አስቀምጫለሁ። አትፍራ። ሰሞኑን ዘንቧል፤ መሬቱ ልል ነው። ለመቆፈር አያስቸግርም።»

ጥቅሉን ቁልቁል አየሁት።

አስከሬን በሕዝብ መኪና አይጫንም። ሾፌር ካወቀ አይፈቅድም። ሰው ግን ከዘመዶቹ አጠገብ መቀበር ይፈልጋል፤ መኪና ለብቻ መያዝ የማይችል ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ የሞተ ሰው እንደ ታማሚ ተደግፎ ይሄዳል። የሞተ ሕፃን እንደ ተኛ ታቅፎ ይሄዳል። ያወቀ ተሳፋሪ እንዳላወቀ ይሆናል፤ ለአባትየው ሲል። እማማ ዘይነባ እጃቸውን ያስገቡት ሕፃን ሊነኩ ነው። የነኩት ደረቅና ቀዝቃዛ ነገር ነው። አባት ብቻውን፣ በቀትር፣ እናት መምጣት ያልቻለች። ሌላ ምን ይገምቱ?

አፌን ከፈትኩ። «ይቅርታ፣ ልጅ አይደለችም፣ ካሜራ ናት» ልበል? ካሜራ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ስም ሰጥቶ፣ እሹሩሩ የሚል ሰው ምን ይባላል? መናገሩ አሳፈረኝ። ግን ሐፍረቱ ብቻ አይደለም።

ብሌን ስትሞት ድንኳን አልተተከለም። የእኛ ዕድር ለጨቅላ ድንኳን አይልክም። አራት ሆነን ጠዋት ሄድን፤ ከረፋዱ በፊት ተመለስን። «እግዜር ይተካ» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ሰርግ ቀረጽኩ። ለጨቅላ አይለቀስም፤ ልማድ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። አሁን ግን አንድ መኪና ሙሉ ሰው ለልጄ ብሎ ዝም ብሏል። ያን ዝምታ ለማቋረጥ አቅም አጣሁ። አፌን ዘጋሁ።

ሁሩታ ደረስን። የመጨረሻው ፌርማታ ስለሆነ ሁሉም ወረደ። ወርዶ ግን የሄደ የለም። ሾፌሩ ሳይቀር መኪናውን ቆልፎ መጣ። ጋሽ ቶሎሳ «ሰዎችህ የት ናቸው?» አሉኝ። ካሜራዬን ይዤ መሮጥ ፈለግኩ። ወዴት? «ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ድንኳን የተተከለበት ጋ» አልኩ። እውነቱን ነው የተናገርኩት።

«ተተክሏል? ተመስገን» አሉ። የእኛ አገር ድንኳን መቼም ያው ነው፤ ዛሬ ያስለቅሳል፣ ነገ ያስጨፍራል። ረዳቱ በማዳበሪያ የተጠቀለለውን ማቆሚያዬን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። አካፋ መስሎት ይሆናል። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆኑ። እኔን መሃል አስገቡኝ። ለሰርግ ሥራ እንዲህ ታጅቤ ሄጄ አላውቅም።

መንገድ ላይ «ቁሙ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኩ። እማማ ዘይነባ «አትናገር ልጄ፣ አቅምህን ቆጥብ» አሉ። እንደገና ሞከርኩ። ጋሽ ቶሎሳ «እናውቃለን» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች ለነገው ወጥ ሽንኩርት ይከትፋሉ። አሥር ይሆናሉ። ሁሉም ዓይናቸው ቀልቷል፣ አፍንጫቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ። አጃቢዎቼ ይህን ሲያዩ የቀራቸው ጥርጣሬ ሁሉ ጠፋ። እማማ ዘይነባ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አሰሩና «ወይኔ ልጄን» ብለው ገቡ። ከኋላ ያሉት ተቀበሏቸው።

ሽንኩርት ከታፊዎቹ ቢላዋ እንደያዙ ቆሙ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከቤት ሮጠው ወጡ። በልጃቸው ሰርግ ዋዜማ አንድ መንደር ሰው እያለቀሰ ሲገባ አዩ። የሽንኩርቱ ክምር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «ሙሽራው ነው?» አሉ። ሙሽራው በእኔ ክንድ ላይ ባለው ጥቅል ውስጥ እንደማይገባ ያሰበ ሰው አልነበረም። አንዷ ከታፊ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ከዚህ በላይ ዝም ማለት አይቻልም። ተንበርክኬ ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ፈታሁት። ቁልፉ ወደቀ። ስፖንጁ ተገለጠ። ካሜራው ብቅ አለ።

ልቅሶው ከፊት ወደ ኋላ ቆመ። ሁሉም አየው። ካሜራውም በአንድ ዓይኑ ሁሉንም አየ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

«ካሜራ ነው። እንዳይሰረቅብኝ ብዬ ነው።»

ረዳቱ ማዳበሪያውን ቀስ ብሎ ከትከሻው አወረደ። «መስኮት ዘግተን የተቀቀልነው ለዚህ ነው?» አለ። ሾፌሩ «እኔ ደግሞ በዕድሜዬ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም» አለ። ከኋላ አንዱ ፖሊስ ጣቢያው ቅርብ መሆኑን አስታወሰ። አንዱ እኔን ትቶ ካሜራውን መሬት ላይ ማፍረጥ ይሻላል አለ። ያን ጊዜ በሁለት እጄ ሸፍኜው ተደፋሁበት። ካርዱን ነው ያሰብኩት።

እማማ ዘይነባ አልተቆጡም። ቁልፋቸውን አንሥተው አቧራውን አራገፉ። ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ስሟን ስትነግረኝ አልዋሸህም» አሉ። «ቃል ሲዋሽ አውቃለሁ፤ ሱቅ ነው የምነግደው። ልጅቷ የት አለች?»

«ሞታለች። ሦስት ወር ሆናት።»

«አሳየኝ።»

ሁለተኛውን ካርድ ከፈትኩ። ጣቴ ሦስት ጊዜ ስቷል። አርባ ሰከንድ። ብሌን ትራስ ላይ ተደግፋ የሆነ ነገር አይታ ትስቃለች፤ የምታየው እኔን ነው። ሁሉም ጎንበስ አሉ። ፖሊስ ጣቢያውን ያስታወሰው ሰውም ጎንበስ አለ። ታምራለች ያለ የለም፤ ልማዱን የሚያፈርስ አልነበረም። እማማ ዘይነባ ብቻ «ማሻአላህ» አሉ።

«ተለቅሶላታል?»

«ጨቅላ ነበረች እማማ፤ የሰባት ወር።»

«እና? ሰባት ወር አላቀፍካትም?»

እማማ ዘይነባ ወደ ሰዎቹ ዞሩና «እንግዲህ መጥተናል» አሉ። ነጠላቸውን አላስተካከሉም። እዚያው ተቀመጡ። ጋሽ ቶሎሳ ከጎናቸው ተቀመጡ። ረዳቱ ማዳበሪያው ላይ ሊቀመጥ አለና ምን እንደሆነ አስታውሶ ተወው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን ነፍሳቸው ተመልሶ ነበር። «ለልጅህ እግዜር ያጽናህ» አሉኝ። «ግን በልጄ ሰርግ ዋዜማ በድንኳኔ ውስጥ ልቅሶ አይቀመጥም። ሟርት ነው።» እውነታቸውን ነው። እማማ ዘይነባም አልተነሡም፤ እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት እውነት ተፋጥጦ ቆመ። ወይዘሮ ጥሩነሽ እኛን አዩ፣ የተቀመጡበትን ክምር አዩ።

«ማልቀስ ከሆነ የፈለጋችሁት» አሉ በመጨረሻ፣ «ሽንኩርቱ ያውላችሁ።»

ቢላዋ ታደለ። አሥራ አራት ሰው ሽንኩርት ላጠ። ጋሽ ቶሎሳ ላጡ፤ ሾፌሩ ላጠ፤ እማማ ዘይነባ ልጣጭ ጉልበታቸው ላይ እየከመሩ አለቀሱ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ምንም አልጠረጠረም። እኔም ላጥኩ። የሁሩታ ሽንኩርት ኃይለኛ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ፊቴን ቀና ማድረግ አልቻልኩም።

ሰርጉ በማግስቱ አማረ። ወጡም አማረ ይላሉ።

አዳማ ተመልሼ ማክሰኞ ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አርባውን ሰከንድ ኮፒ አደረግኩ፤ ሁለት ቦታ። ከዚያ የሥራውን ካርድ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ፋይል እኔ የቀረጽኩት አልነበረም። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ምስል የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር ጨለማ። ካሜራውን ሳላጠፋ ጠቅልዬው ኖሮ፣ የእማማ ዘይነባ ቁልፍ የመቅረጫውን ቁልፍ ተጭኖታል።

ድምፅ ግን አለው። የሞተር ድምፅ፣ የብርድ ልብስ መፋተግ። ከዚያ በጣም ቅርብ የሆነ ሹክሹክታ፤ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» ቀጥሎ ለረዳቱ የተነገረው፤ «ሞታለች። እንዳወቅን አባትየው እንዳያውቅ።» ከዚያ እማማ ዘይነባ ያንጎራጉራሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አልሰማሁም ነበር። ቃሉ አይለይም፤ በየመሃሉ ብሌን የሚለው ብቻ ይሰማል። ከእንጉርጉሮው ስር ደግሞ ሕፃን ይስቃል። ከፊታችን የነበረው ልጅ ነው። ሳቁ ግን ማይኩ አፍ ላይ ያለ ያህል ቅርብ ነው። ከፊታችን የነበረው ልጅ መሆን አለበት።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ስልክ ደውለው የቀረጽከውን በሙሉ፣ አንዲት ደቂቃ ሳትቆርጥ ብለዋል። ደንበኛ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ቆረጥኩባቸው።

ፋይሉን መልሼ ስሰማ ባለቤቴ እጇን እያደረቀች መጥታ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሳቁ የማን እንደሆነ ለመለየት ድምፁን ልጨምር እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ። «ቀንሰው» አለች፤ «ገና አሁን ነው የተኛችው።»